ለሠርግ ተጠርተን ለቅሶ የተቀመጥንበት ቅዳሜ

ከሐረር የተመለስኩ ሰሞን ያገኘኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነበር። ከወዲሁ ልናገርና ይለቅልኝ፤ ጅብ ሲመገብ አላየሁም። ማታ ማታ ከግንቡ ውጭ ሲጮህ ሰምቻለሁ፣ እሱ ደግሞ ሐዋሳም ይጮሃል። እኔ የሄድኩት ለሐይቅ ጉዳይ ነው። ሐረር ደግሞ ምን ሐይቅ አላት የሚል ካለ ትንሽ ይታገሠኝ፤ እኔም ከመሄዴ በፊት እንደዚያው ብዬ ነበር።

ማክሰኞ

ልጆቼን ያሳደግኩት ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ እየጠበስኩ ነው። ስለዚህ ሐይቁ ሲሸት ከማንም በፊት የሚሸተው እኔን ነው። ዳርቻውን ከቆሻሻ ለመጠበቅ የሰፈራችን ሰው ያቋቋመው ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። ኮሚቴው ምን ሠራ ለሚል፣ ብዙ ስብሰባ ሠራ። ከኛ በላይ ካለው የእንግዳ ማረፊያ ጀርባ በድንጋይ የተሸፈነ ቱቦ እንዳለ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ይለቀቅና ጠዋት አረፋው ዳር ዳሩን ይዞ ይገኛል። ባለቤቱ የእድራችን አባል ነው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳን ለመትከል ቀድሞ ገመድ የሚይዝ፣ ሰላምታው የሚጣፍጥ ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ፊት ለፊት ቆሞ «ፍሳሽህን አንሳ» ማለት እንዴት እንደሚከብድ የሞከረ ያውቀዋል።

ልነሳ ሻንጣዬን ስቆልፍ የዚሁ ሰውዬ ልጅ ሠርግ ጥሪ መጣልኝ። ፊደሉ ወርቅማ ነው። ማቀዝቀዣው ላይ ወርወር አድርጌው ወጣሁ።

የጠራችኝ ሐጃ ፈትሂያ ናት። አዳማ ላይ ስለ ውሃ ጥበቃ ሥልጠና ሲሰጥ አንድ ክፍል ደርሶን አብረን አድረናል። እሷ ለሶላት ስትነሳ እኔም ለጸሎት እነሳለሁ፤ ሁለታችንም በየፊናችን ጨርሰን አልጋችን ላይ ቁጭ ብለን እናወራለን። ባለፈው ወር ደወለችልኝ። «አስቴር፣ አንቺ የሐይቅ ሰው ነሽ። የኛ ሐይቅ ሞቶ ተመልሶ ነበር፣ አሁን እንደገና ሊገድሉብን ነው። ነይና እናንተ ምን እንደምታደርጉ ንገሪን» አለችኝ። ምንም እንደማናደርግ በስልክ መናገር አሳፈረኝና እመጣለሁ አልኳት።

(እዚህ ላይ «አለችኝ» «አልኳት» እያልኩ የምጽፈው ለእናንተ ለአንባቢዎቼ ስለሆነ ነው። ፊት ለፊት ግን ሁልጊዜ «እርስዎ» ነው የምላት፤ በዕድሜ እናቴ ባትሆንም ታላቅ እህቴ ናት።)

ባዶ እጄን እንዳልሄድ የዓሣ ቋንጣ አዘጋጀሁ። በኔ ቤት ደህና አድርጌ አድርቄዋለሁ። ሻሸመኔን ሳናልፍ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ወጣት መስኮት ከፈተ፣ ዝዋይ ስንደርስ ሽቶ አውጥቶ ረጨ። ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ «እናቴ፣ የያዙት ነገር በሕይወት አለ?» አለ። ከመንገድ ዳር ደግሞ ዓሣ ሻጮቹ በመስኮት ዓሣ ሲያቀርቡልኝ ተሳፋሪው ሁሉ በአንድ ድምፅ «አላት!» አለልኝ።

አዳማ ያደርኩበት አልቤርጎ ባለቤት ቦርሳውን ክፍል ውስጥ አላስገባም አለች። ተከራከርኩ፣ አልሆነም። በመጨረሻ ራሷ መሰላል አምጥታ ግቢው ካለው ማንጎ ላይ ሰቀለችልኝ፤ እኔን ላለማስቀየም ብላ ሻይም ጋበዘችኝ። ጠዋት ስወጣ የሰፈሩ ድመቶች ከዛፉ ሥር ተሰብስበው ወደ ላይ ያያሉ።

ረቡዕ

ከአዳማ የሐረር አውቶቡስ ያዝኩ። አዋሽ ላይ ሙቀቱ እንደ ምጣድ ነው። ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ጨርጨር ተራሮች መውጣት ሲጀምር ነፋሱ ይለወጣል። ጎን ለጎን ጫት ነው፣ ጫት ነው፣ አሁንም ጫት ነው። እኛ አገር እንሰት ጓሮ እንደሚሞላ እዚያ ጫት ኮረብታ ይሞላል። አሰበ ተፈሪ ላይ የተሳፈረች ሴት ረቡዕን እንደምጾም ስታውቅ ቆሎ ከፌስታሏ አፈሰችልኝ። ስሟን ሳልጠይቃት ሂርና ላይ ወረደች፤ አሁንም ይቆጨኛል።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሐረማያ ደረስን፤ በቀኜ በኩል ውሃ አየሁ። አጠገቤ ያሉት ሽማግሌ «ሐይቁ ነው» አሉኝ። «ደርቆ ነበር። ወለሉ ላይ ከብት ይግጥ፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱ ነበር። አላህ መለሰው።» ከሐዋሳ ሐይቅ ጋር ሳስተያየው ትንሽ ነው። ግን የደረቀ ሐይቅ ሲመለስ ሰምቼም አይቼም አላውቅምና አንገቴን አዙሬ እስኪጠፋ አየሁት። ያ ውሃ በደህናው ጊዜ በቧንቧ ሐረር ድረስ ሄዶ ከተማዋን ያጠጣ ነበር። የሐረር ሐይቅ ማለት እንግዲህ እሱ ነው።

ሐረር ሸዋ በር ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ቦርሳዬን አሽትቶ «አቦ፣ ምን ገደልሽ?» አለኝ። ስድብ መስሎኝ ልቆጣ ስል ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። እዚያ የማያውቁትን ሰው «አንቺ» ማለት ፍቅር ነው፤ በኛ አገር ቢሆን ሽማግሌ ይቀመጥበታል።

የሐጃ ፈትሂያ ቤት ከግንቡ ውስጥ ነው። የምትቀመጪበት ሁሉ በቀይ ቀለም የተቀባ መደብ ነው፣ ነደባ ይሉታል፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ቦታው ራሱ ይናገራል። ጫማዬን አውልቄ ወደ ዳር ብል «ወደ ላይ፣ ወደ ላይ፤ እንግዳ ዳር አይቀመጥም» ብላ ጎተተችኝ። ቋንጣውን ስሰጣት ሽታው ቤቱን ሞላው። ፊቷ ንቅንቅ ሳይል «ማሻአላህ» አለችና ወደ ጓዳ አስገባችው። ጾሜን ስነግራት የሰፈር ልጅ ልካ ምስር አሠራችልኝ፤ ዓሣው ለነገ ይቆየን ተባባልን።

ሐሙስ

ሐጃ ፈትሂያ ጊደር መጋላ በሚባለው ገበያ ቅመም ትሸጣለች። ጠዋት አብሬያት ሄድኩ። ሰው ሁሉ ያውቃታል፤ ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ እያደባለቀች ትከራከራለች። ቁርስ ፈጢራ በላን፣ ከቡና ገለባና ከወተት የሚፈላውን ሆጃ ጠጣን። እኔ ስኳር ጠይቄ ጨው ያለበት መጣልኝ፤ ልናገር እንዳልል ሁሉም እያየኝ ነው፣ ጨርሼ ጠጣሁት። ሦስተኛው ስኒ ላይ ለመድኩት።

ምሳ ላይ ዓሣው ወጣ። በቲማቲምና በአብሽ ሠርታው ምን እንዳደረገችው አላውቅም፣ ሽታው ጠፍቶ ነበር። አንድ ሰሐን ላይ አቀረበችና ስንበላ ቆይተን እኔ ልብ አልኩት። «ሐጃ፣ እኔና እርስዎ ከአንድ ሰሐን ሥጋ ስንበላ የመጀመሪያ ጊዜያችን ነው።» አዳማ ላይ እሷ የእስላም፣ እኔ የክርስቲያን ሥጋ ለየብቻ ነበር የምናዘው። «ዓሣ ማን አረደው አይባልማ» አለችኝ። «ሐይቁ እያለ የሸዋ በር ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ቤት የምንበላው እሱን ነበር። ሲደርቅ ሰሐናችንም ተለያየ።»

ከዚያ ነው ነገሩን የነገረችኝ። የከተማውን ሽንት ቤት የሚመጥጡ መኪኖች አሉ። የሚደፉበት የተፈቀደ ቦታ ሩቅ ነው፣ መንገዱም ክፉ ነው። አንዳንዶቹ ሲመሽ ወደ ሐይቁ በሚወርደው ቦይ ይለቁታል። እነሐጃ ወደ አንዱ ቢሮ ሄዱ፤ «ሐይቁ የኛ ክልል አይደለም» ተባሉ። ወደ ሌላው ሄዱ፤ «መኪኖቹ የእናንተ ናቸው» ተባሉ።

«የማን ናቸው መኪኖቹ?» አልኳት።

እጇን ታጠበች፣ አደረቀች። «የሬምዚ።»

ሬምዚ የሟች እህቷ አንድ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ገና ትምህርት ቤት አልገባም ነበር። በጀርባዋ አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። የፊታችን እሑድ ሴት ልጁን ኢክራምን ይድራል።

 እኔ ገመድ የሚይዝልን ሰውዬ ፊት አፌን መክፈት ያቃተኝ ሴት ነኝ፤ እሷ ደግሞ ጡቷን ባታጠባውም ልጇን ነው የምትከስሰው። «ነግረውታል?» አልኳት። «ስንቴ። 'እሺ አክስቴ' ይላል። ወላሂ፣ 'እሺ' የሚለው ቃል አስጠልቶኛል።»

ዓርብ

ሳሚያ የምትባል የሐጃ ጎረቤት፣ አስተማሪ ናት፣ በባሏ መኪና ሐይቁ ድረስ ወሰደችን። ከሩቅ ያማረው ውሃ ከቅርብ ሲያዩት ሌላ ነው። ቦዩ ሐይቁ ውስጥ የሚገባበት ቦታ ላይ ደለሉ ጠቁሯል፣ ላዩ ላይ ላስቲክና የማልናገረው ነገር ይንሳፈፋል። ሽታውን አወቅሁት። ከቤቴ በታች ጠዋት ጠዋት የምቀበለው ሽታ ነው። ያን ያህል መንገድ ተጉዤ የቤቴን ግማት ማግኘቴ በጣም አናደደኝ።

አንድ ገበሬ ቃሪያውን በዚያው ውሃ ሲያጠጣ አገኘነው። ሳሚያ በኦሮምኛ ጠየቀችውና ተረጎመችልኝ። «ሲመሽ ነው የሚመጡት ይላል። ድንጋይ ወርውረን ነበር፣ ከዚያ ወዲህ መብራት አጥፍተው ነው የሚመጡት ይላል። ቃሪያውንም እኮ የምትበሉት እናንተው ናችሁ ይላል።» ሰውየው እየሳቀ ነበር የሚያወራው፤ ሳቁ ግን ከጉሮሮው አልወረደም።

ሐጃ ፈትሂያ ዳር ላይ ቆማ «እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?» አለችኝ። ማምለጫ አልነበረኝም። ስለ ቱቦው፣ ስለ ስብሰባው፣ ገመድ ስለሚይዘው ሰውዬ ነገርኳት።

«የእድራችሁ ሰው ነው? ታዲያ እድሩ ምን ይለዋል?»

«እድር እኮ ለሞት ነው ሐጃ።»

«ሐይቅ አይሞትም እንዴ?» አለች።

 የቀሚሷን ጫፍ ይዛ ወደ መኪናው ወጣች።

ከጁምዓ በኋላ የአፎቻዋ ሴቶች ቤቷ ተሰበሰቡ። አፎቻ የሐረሪዎች እድር ነው ብል ይቀለኛል፣ ግን አንድ አይደሉም። የኛ እድር ሰው ሲሞትብሽ ብቻ ነው የሚያውቅሽ። አፎቻ ሠርጉም ለቅሶውም የእሱ ነው። ያለ አፎቻ ሴቶች ከበሮ የተዳረች ልጅ እንደተዳረች አይቆጠርም። ለቅሶም ሲሆን እነዚያው ሴቶች፣ እዚያው መደብ ላይ፣ ያለ ከበሮ ይቀመጣሉ። በማግሥቱ ቅዳሜ ሬምዚ ቤት ሄደው ለሠርጉ እየሠሩ መዝፈን ነበረባቸው።

አንዷ እንቅር አለች። ሐጃ ግን «ከቀረን እሱ ከኛ ተቀየመ፣ እኛም ከሱ ተቀየምን ነው የሚባለው። የቤተሰብ ጠብ ይሆናል፤ ሐይቁን ማን ያነሳዋል?» አለች። «እንሄዳለን። አንድም ሰው ሳይቀር። የምንቀመጠው ግን ለለቅሶ ነው።»

 ሳሚያ ናት ቀድማ የተናገረችው፤ ኢክራምን ክፍል ውስጥ አስተምራታለች። «ልጅቷ ምን አደረገች ሐጃ? አንድ ቀኗ ነው። ሐራም ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሐጃ ፈትሂያ። «ሌላ መንገድ ካለሽ አሁን ንገሪኝ፣ እሱን እናድርግ።» ሳሚያ አሰበች።  ከዚያ የለኝም ብላ ራሷን ነቀነቀች። ክርክሩ እስከ መግሪብ ሶላት ቀጠለ፤ ወደ ሐረሪኛ ስለዞረ ግማሹን የተረዳሁት ከእጃቸው ነው። ሁለት ሴቶች ተቆጥተው ወጡ። የቀሩት ነገ እንመጣለን አሉ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ሐጃ ፈትሂያ የሬምዚን የልጅነት ነገር ታወራልኝ ጀመር። ሐይቁ መጉደል የጀመረ ጊዜ፣ ቧንቧው ሁሉ አየር ብቻ ሲተፋ፣ እሱ ጀሪካን በገመድ እየጎተተ ከሷ ጋር ይሰለፍ ነበር። «ጀሪካኑ ከሱ ይበልጥ ነበር» አለችና አለቀሰች። «ነገ ካኮረፈኝ ሌላ የእህቴ ልጅ የለኝም።» አላጽናናኋትም፤ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

ቅዳሜ

ጠዋት ነጠላዬን ስለብስ አየችኝና «እናንተ ለለቅሶ እንዴት ነው የምትለብሱት?» አለችኝ። ጥለቱ ወደ ላይ እንዲሆን አዘቅዝቄ አሳየኋት። «እንደሱ አድርጊው» አለች። የሷ ሴቶች ያሸበረቀውን የሠርግ ቀሚስ ትተው ደብዘዝ ያለውን ለብሰው መጡ። ትናንት ተቆጥተው ከወጡት አንዷም መጣች፤ ማንም ምንም አላላትም፣ ቦታ ለቀቁላት።

የሬምዚ ቤት ከግንቡ ውጭ፣ አዲሱ ከተማ ውስጥ ያለ ፎቅ ነው። ድንኳን ተጥሏል። አንድ በሬ በአንድ በኩል፣ ለክርስቲያን እንግዶች ደግሞ ሌላ በሬ በሌላ በኩል ታስሯል። ፎቅ ቢሠራም አንዱን ክፍል እንደ አባቶቹ ቤት በቀይ መደብ አሠርቶታል። እዚያ ገባን። ሴቶቹ በየቦታቸው ተቀመጡ። ሐጃ ፈትሂያ ከበሮውን አንሥታ በአፉ ደፋችውና መቁጠሪያ ተስቢሗን አወጣች። ከዚያ ዝም ተባለ። ለቅሶ ቤት ብዙ ተቀምጫለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን የማስታውሰው ባሌ የሞተ ቀን ነው።

ሬምዚ ወፍራም፣ ፈገግተኛ ሰው ነው። «እንኳን ደህና መጣችሁ» እያለ እጁን ዘርግቶ ገባ። መጀመሪያ ልብሳቸውን አየ። ቀጥሎ የተደፋውን ከበሮ። ከዚያ ዓይኑ ከፊት ወደ ፊት መዝለል ጀመረ፣ የቀረ ሰው እየፈለገ።

«ማነው?» አለ። «ማን ሞተ? ንገሩኝ።»

«ሐይቁ» አለች ሐጃ ፈትሂያ።

አልገባውም። ሲገባው ሳቀ። «አክስቴ፣ በአላህ፣ ዛሬ ቀልድ ተይ።»

«ቀልድ አይደለም። ፊት ሲሞት ለቅሶ አልተቀመጥንለትም፤ ውሃ ስንፈልግ ማልቀሻ ጊዜ አልነበረንም። አሁን መኪናህ ሁለተኛ ሳይገድለው እንቀመጥለት ብለን ነው።»

«የልጄ ሠርግ ነው!»

«ስለሆነ ነው የመጣነው። አፎቻው ተጠርቶ ቀረ እንዳይሉህ።»

ፊቱ ደም ለበሰ። «ሁሉም ይደፋል። መንገዱን ሠርተው ሰጡኝና እምቢ አልኩ? ሐይቁስ የኛ ነው? ቢሮው እንኳ የኛ አይደለም ብሏል። እኔ ብቻዬን ነኝ የምደፋው?»

«የእህቴ ልጅ አንተ ብቻ ነህ» አለች። «ጀሪካን ስትጎትት ሐይቁ የማን ነበር?»

 ወጣና የግቢውን በር በኃይል ዘጋው፤ በሬዎቹ ደነበሩ።  የሰው አገር፣ የሰው ሠርግ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ተቀምጫለሁ። አንቺ ምን አገባሽ ቢሉኝ መልሴ ምን ነበር? ግን አልተነሳሁም። ማንም አልተነሳም።

በሩ ሲከፈት ኢክራም ነበረች። እጇ ላይ ሒናው ገና አልደረቀም። የሆነውን ከውጭ ሰምታ ነው የመጣችው፤ ዓይኗ ቀልቷል። «እኔ ምን አደረግኩ?» አለች፣ ለሳሚያ ነው ያለችው። ሳሚያ ተነስታ አቀፈቻትና ስለ መኪናው፣ ስለ ቦዩ፣ ትናንት ስላየነው ሁሉ ቀስ ብላ ነገረቻት። አላባበለቻትም። ልጅቷ «አባዬ ነው?» አለች አንዴ። ሳሚያ «አዎ» አለቻት።

ኢክራም ከሳሚያ እቅፍ ወጣች። ከዚያ ከሐጃ ፈትሂያ እግር ሥር መጥታ ተቀመጠች። ሒናው እንዳይጠፋ ሁለት መዳፏን ወደ ላይ ዘርግታ ጉልበቷ ላይ አሳረፈችው፤ ዱዓ የምታደርግ ትመስል ነበር። «እኔም እቀመጣለሁ» አለች። ያን ጊዜ ሐጃ ፈትሂያ ፊቷን ሸፈነች።

ሬምዚ ሲመለስ አባት ሊቆጣ የሚመጣበት አመጣጥ ነበር የመጣው። ልጁን አያት። መዳፏን አየ። ደጃፉ ላይ ከቆመበት ሳይንቀሳቀስ ስልኩን አወጣና ሁላችንም እየሰማን ለሹፌሮቹ ኃላፊ ደወለ። «ከዛሬ ጀምሮ ወደ ሐይቁ የሚታጠፍ መኪና የለም። ቦታው ድረስ ነው የሚሄደው። ... ይራቅ። ይራቅ አልኩህ አቦ፣ እኔ ነኝ የማዝህ።» ዘጋና አክስቱን አያት።

«ሰምተናል» አለች። «ከበሮው ግን ነገ ነው የሚነሳው። ዛሬ ማታ ሳሚያና ባሏ ቦዩ ጋ ይቆያሉ።»

«አታምኚኝም?»

«'እሺ' ብዙ ጊዜ ብለኸኛል ልጄ።»

ዞር ብሎ ሄደ። ሴቶቹም ተነስተው፣ ልብሳቸውን ሳይለውጡ፣ ያለ ዘፈን ሽንኩርት መክተፍ ጀመሩ። ለቅሶ ተቀምጠው ለሠርግ ከተፉ፤ ከሥራው አንድም አልጎደለም።

እሑድ

ሳሚያ ጠዋት መጣች። ማታ መኪናው መታጠፊያው ጋ ሲደርስ ቀስ አለ፣ መብራቷን አበራችበት፣ ቀጥ ብሎ አለፈ አለችን። ሐጃ ፈትሂያ «አልሐምዱሊላህ» አለችና የሠርግ ቀሚሷን ከሳጥን አወጣች።

ከበሮው ተመታ። እንዴት እንደተመታ ለመጻፍ አልሞክርም፤ ከትናንቱ ዝምታ በኋላ ሴቶቹ የቤቱን ጣሪያ ሊያነሱት ነበር። ኢክራም በሳቅና በእንባ መካከል ሆና ወጣች። ሬምዚ እንግዳውን ሁሉ እየዞረ ሳመ። አክስቱ ጋ ሲደርስ እጇን ጨበጠና ሌላ ሌላ እያየ አለፈ። አየሁባት፤ ከበሮዋን አላቋረጠችም።

ማታ ቤት ገብተን «ያኩርፍ» አለችኝ። «አኩርፎም ቢሆን እዚያ አይደፋ። ደግሞ የደፋ ቀን ተመልሰን እንቀመጣለን፤ ሠርግ ባይኖረውም። ቤቱን እናውቀዋለን።» ከዚያ ብዙ ሳትናገር ተኛች። ያሳደገችው ልጅ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ዓይኗን ሳያይ አልፏታል። ይህን ለእናንተ ሳልጽፍ ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል።

ሰኞ

በባዶው የዓሣ ቦርሳ ሐላዋና ቅመም ሞላችልኝ። አውቶቡስ ውስጥ ሐላዋው ዓሣ ዓሣ፣ አጠገቤ ያለው ሰውዬ ደግሞ ሽቶ ሽቶ ይሸታል። ሐረማያ ስንደርስ በመስኮት አየሁ። ከውሃው ዳር ከአፎቻው ሴቶች ሁለቱ ጃንጥላ ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ አንዷ ያቺ ተቆጥታ ወጥታ የተመለሰችው ናት። እጄን አወዛወዝኩ፤ ያዩኝ አይመስለኝም፣ መንገዱን ነበር የሚያዩት።

አዳማ ያቺ ባለ አልቤርጎ ገና ከሩቅ ስታየኝ መሰላል ልታመጣ ነበር። ሐላዋ አቀመስኳት።

በማግሥቱ ሐዋሳ ገብቼ ቤቴን ስከፍት የባለ ማረፊያው ጥሪ ማቀዝቀዣው ላይ እንደወረወርኩት አለ። ነፋሱ ከሐይቁ ነበር የሚነፍሰው፤ ያው ሽታ ነው። የእድራችንን ሴቶች ጠርቼ ሐላዋውን እያቀመስኩ ይህንኑ ሁሉ ነገርኳቸው። ሳቁብኝ። አንዳንዶቹ አሁንም ይስቃሉ። የማይስቁትም ግን ድንኳን ውስጥ ሙሉ ረድፍ ለመያዝ አያንሱም።

ሠርጉ የፊታችን እሑድ ነው። ጥሪው «ከነቤተሰብዎ» ይላል፤ ከነቤተሰቤ እሄዳለሁ። ሰውየው እንደ ልማዱ ደጅ ላይ ቆሞ ሲቀበለኝ ማን እንደሞተ ይጠይቀኛል። ነጠላዬ ታጥቦ ተተኩሷል። ጥለቱ ሰፊ ነው፣ ያምራል። አዘቅዝቄ ነው የምለብሰው።